ስለሚታጠፈው ቀጭን ኮምፒዩተር

የጽሕፈት ሥራ ያለበት ሰው ሁሉ፥ የመንግሥት ሹም ቢሆን የቤተ ክርስቲያን አገልጋይም ቢሆን፥ ያለ ኮምፒዩተር ሥራውን ለመፈጸም የሚቸገርበት ዘመን ላይ ደርሰናል። ደብዳቤ የሚጻፈው በእርሱ ነው፤ ሒሳብ የሚታሰበው በእርሱ ነው፤ የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብም በብዙ ስፍራ ከትልቁ የወረቀት መዝገብ ወጥቶ ወደ እርሱ ገብቷል። ስለዚህ ይህን መኪና የሚገዛ ሰው፥ ዋጋውን የሚከፍለው ከገዛ ኪሱ ቢሆን፥ ከሕዝብ ግብር ወይም ከምእመናን መባ ቢሆን፥ የሚገዛው ነገር ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባዋል። በዚህ ጽሑፍ ልናመዛዝነው ያሰብነው ከኮምፒዩተር ወገን አንዱን፥ ማለት ክዳኑ ወደ ኋላው እስከ ጀርባው ድረስ የሚታጠፈውን ቀጭኑን ላፕቶፕ ነው።

ይህንንም እንድንጽፍ ምክንያት የሆነን አንድ የምናከብራቸው የደብር አስተዳዳሪ ያቀረቡልን ጥያቄ ነው። ለደብራቸው ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ በጎ አድራጊ ምእመን መልኩ እጅግ ያማረ፥ ቀጭንና የሚታጠፍ ላፕቶፕ ሰጥቷቸው ነበር። የደብሩም ጸሐፊ የጥምቀቱን መዝገብ በእርሱ ላይ እየጻፈ ሦስት ዓመት ያህል ከቈየ በኋላ፥ አንድ ቀን ጧት ሊከፍተው ቢሞክር መኪናው አልበራ አለ። ወደ ጠጋኝ ቢወስዱትም ሠራተኛው ገልጦ አየና «ዋናው ሰሌዳ ተቃጥሏል፤ ጽሑፉ የሚቀመጥበትም ክፍል ከሰሌዳው ጋራ በብየዳ አንድ ሆኖ የተሠራ ስለ ሆነ ነቅዬ በሌላ መኪና ላይ ላነበው አልችልም» አላቸው። ከዚህ በኋላ የሆነውን መናገር ያሳዝናል። ጸሐፊውና ሁለት ዲያቆናት በየቤቱ እየዞሩ፥ የክርስትና አባትና የክርስትና እናት እየጠየቁ፥ የሦስቱን ዓመት መዝገብ እንደ ገና ሊጽፉ ግድ ሆነባቸው፤ ከሰፈሩ ወጥተው ወደ ሌላ አገር የሄዱትን ግን ከየት ያገኟቸዋል?

አሁን ሌላ መኪና የሚገዛበት ገንዘብ ስለ ተሰበሰበ፥ አስተዳዳሪው «ልጄ፥ ያ የሚታጠፈው ለማንበብ ተመችቶኝ ነበር፤ ነገር ግን ፈራሁት። እንደ ገና እሱኑ ልግዛ ወይስ ልተወው?» ብለው ጠየቁን። እኛም «አባታችን፥ የበደለዎት መታጠፉ አይደለም፤ የበደለዎት መቅጠኑ ነው» ብለን መለስንላቸው። ይህን መልስ ሰፋ አድርጎ መግለጽ ለሌሎችም የሚጠቅም መስሎ ስለ ታየን ነገሩን ከሥሩ እንጀምራለን።

መታጠፍና መቅጠን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሲሆኑ በገበያ ላይ እንደ አንድ ነገር ሆነው ይሸጣሉ። የመቅጠኑ ነገር በሰው ሁሉ ዓይን የገባው በኤሮፓ አቆጣጠር በ2008 በጃንዋሪ ወር፥ የአፕል ኩባንያ አለቃ የነበረው ስቲቭ ጆብስ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በተሰበሰበ ሕዝብ ፊት አንድ ላፕቶፕ ከደብዳቤ ፖስታ ውስጥ መዝዞ ባሳየ ጊዜ ነው። ሕዝቡ አደነቀ፤ ማድነቁም አይነቀፍም። ዳሩ ግን ያ መኪና ከፖስታ ውስጥ ሊገባ የቻለው ብዙ ነገር ስለ ተወገደለት ነው፤ የዲስክ ማጫወቻ አልነበረውም፤ የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ አልነበረውም፤ የዩ ኤስ ቢ መሰኪያው አንድ ብቻ ነበር፤ ሜሞሪውም ከሰሌዳው ጋራ ተበይዶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ኢንቴል በ2011 «አልትራቡክ» የሚል ስም አውጥቶ የመኪና ሠሪዎችን ሁሉ ወደ ቀጭንነት ስለ ጠራቸው፥ የሚሊ ሜትር ሽቅድምድም ተጀመረ።

የመታጠፉ ነገር ግን ከሌላ ምንጭ የመጣ ነው። ማይክሮሶፍት በ2002 በብዕር የሚጻፍበትን ኮምፒዩተር ባወጣ ጊዜ፥ አንዳንዶቹ መኪናዎች መካከላቸው ላይ ባለች አንዲት እግር ዙረው የሚተኙ ክዳኖች ነበሯቸው፤ ከባዶችና ውዶች ስለ ነበሩ ብዙ ሰው አልያዛቸውም። ነገሩ የተቃናው ሌኖቮ የሚባለው የቻይና ኩባንያ ዮጋ ብሎ የሰየመውን መኪና በ2012 በጃንዋሪ አሳይቶ በዚያው ዓመት በኦክቶበር ለሽያጭ ባወጣው ጊዜ ነው። የዚህ መኪና ክዳን በሁለት ማጠፊያዎች ዙሪያውን ስለሚዞር፥ አንዱ ዕቃ አራት ዓይነት አቋም አለው፤ እንደ ተራ ላፕቶፕ ይከፈታል፤ ጀርባ ለጀርባ ገጥሞ እንደ ሰሌዳ በእጅ ይያዛል፤ የፊደሉ ቁልፎች ወደ ጠረጴዛው ተደፍተው ገጹ ወደ ሰው ይቀናል፤ ወይም በሁለት ጫፉ እንደ ድንኳን ይቆማል።

ከእነዚህ አቋሞች መጨረሻዎቹ ሁለቱ ለአንባቢ ምን ያህል እንደሚመቹ የሚያውቅ የሞከረው ነው። ቅዱስ መጽሐፍን በአትሮንስ ላይ ዘርግቶ ማንበብ የለመደ ካህን ማስረዳት አያሻውም፤ መኪናው ራሱ አትሮንስ ይሆንለታልና። ቁልፎቹ ከፊቱ ስለሚርቁ ገጹ ወደ ዓይኑ ይቀርባል፤ በጣቱ እየዳሰሰ ገጹን ይገልጣል፤ ጽሕፈቱንም በሁለት ጣት ያሰፋዋል። በ1973 በአሜሪካ አገር በሚኒሶታ ከሚገኘው ከቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ቤተ መጻሕፍት ጋራ በመተባበር የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት በማይክሮ ፊልም መነሣት እንደ ተጀመረ ሊቃውንቱ ያውቃሉ። ዛሬ ከእነዚያ ፊልሞች ብዙዎቹ በኢንተርኔት የሚታዩ ስለ ሆኑ፥ በሩቅ ገዳም ያለውን ብራና ቤቱ ተቀምጦ ከእጁ ካለው ብራና ጋራ የሚያስተያይ መምህር ሊኖር ይችላል። እንዲህ ላለው ሰው መታጠፉ ጌጥ ሳይሆን ሥራ ነው። ለሹሙም ቢሆን እንዲሁ፤ ባለ ጉዳይ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጦ ሳለ የተጻፈውን ውሳኔ ገጹን ወደ እርሱ አቅንቶ ሊያስነብበው ይችላል። የተጻፈበትን ነገር በዓይኑ ያየ ባለ ጉዳይ ጥርጣሬው እንደሚቀንስለት በቢሮ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ቀጭንነቱ እንመለስ፤ ነገሩንም በአንድ ቤት ልጆች ላይ እናሳይ። የመጀመሪያው ዮጋ ውፍረቱ 16.9 ሚሊ ሜትር፥ ክብደቱ 1.54 ኪሎ ነበር። በ2013 የወጣው ዮጋ 2 ፕሮ ወደ 15.5 ሚሊ ሜትርና ወደ 1.39 ኪሎ ወረደ፤ ገጹም በአግድም 3200 በቁመት 1800 ነጥብ ያለው ሆነ። ይህ እጅግ መልካም ነገር ነበር፤ የግእዝ ፊደል ቅጥልና ቀለበት በደቃቅ ጽሕፈት እንኳ ሳይደበዝዝ እንዲታይ የነጥብ ብዛት ይረዳልና። በ2014 በኦክቶበር ደግሞ ዮጋ 3 ፕሮ መጣ፤ ውፍረቱ 12.8 ሚሊ ሜትር፥ ክብደቱም 1.19 ኪሎ ብቻ። ማጠፊያው እንደ እጅ ሰዓት አምባር ከ813 የብረትና የአሉሚንየም ቅንጣቶች የተገጣጠመ ሆኖ ከዳር እስከ ዳር የሚዘረጋ ነበር። በእጅ ሲይዙት እውነትም የብር አንጥረኛ ሥራ ይመስላል፤ እኛም ባየነው ጊዜ ማጠፊያውን ያለ ምክንያት ደጋግመን ስናጥፈውና ስንዘረጋው እንደ ነበር አንሸሽግም።

ለዚህ ሁሉ የተከፈለው ዋጋ ግን ከገንዘቡ ሌላ ነው። ቀጭን ቤት ሙቀትን ሊያወጣ አይችልም፤ ስለዚህ የውስጡ አንጎል፥ ማለት ፕሮሰሰሩ፥ ብዙ ኃይል የማይበላ መሆን ነበረበት። በቀድሞው የነበረው 15 ዋት እንዲያወጣ የተወሰነ ሲሆን፥ በዮጋ 3 ፕሮ የገባው ኮር ኤም የተባለው 4.5 ዋት ብቻ የተወሰነለት ነው። ይኸውም ከሲሶው ያነሰ ነው። ለደብዳቤና ለንባብ ይበቃል፤ ብዙ ሥራ በአንድ ጊዜ ሲጫንበት ግን ከታናሽ ወንድምነቱ ጋራ በማይስማማ ሁኔታ ከታላቁ የዘገየ ሆነ። የሚያስገርመው ነገር ይህ ፕሮሰሰር ያለ ማራገቢያ ለሚሠሩ መኪናዎች የታሰበ ሲሆን፥ በዚህ መኪና ውስጥ ማራገቢያው ሳይቀር መግባቱ ነው። ባትሪውም አነሰ፤ ኃይል የሚያጠራቅምበት ልክ ከ54 ዋት ሰዓት ገደማ ወደ 44 ወረደ፤ እነዚያን ሁሉ ነጥቦች የሚያበራው ገጽ ግን እንደ ቀድሞው ይጠጣ ነበር። ከቁልፎቹም ራስጌ ያለው አንድ ረድፍ ተነሥቶ ሥራው በቁጥሮቹ ረድፍ ላይ ተደረበ። የኤሌክትሪኩ መሰኪያም ከአንዱ የዩ ኤስ ቢ ቀዳዳ ጋራ አንድ ስለ ተደረገ፥ መኪናው ኤሌክትሪክ በሚጠጣበት ጊዜ ያ ቀዳዳ ለሌላ ሥራ አይሆንም። መነሻ ዋጋውም በአሜሪካ 1349 ዶላር ነበር።

ፍርዱን እኛ ከመስጠታችን በፊት ግን ሠሪው ራሱ እንደ ፈረደ እንመልከት። አንድ ዓመት ቈይቶ በ2015 በኦክቶበር ሌኖቮ ዮጋ 900 የተባለውን አወጣ። ማጠፊያው ያው የሰዓት አምባር የሚመስለው ነው፤ ገጹም ያው ነው፤ ውፍረቱ ግን 14.9 ሚሊ ሜትር፥ ክብደቱ 1.29 ኪሎ ሆነ። እንግዲህ የተጨመረው 2.1 ሚሊ ሜትር፥ ማለት ከስንዴ ቅንጣት ውፍረት የማይበልጥ ነገርና መቶ ግራም ነው። በዚህ ጭማሪ ምን ተገኘ ቢሉ፥ 15 ዋቱ ፕሮሰሰር ተመለሰ፤ ባትሪው ከ44 ወደ 66 ዋት ሰዓት፥ ይኸውም በእኩሌታው አደገ፤ የጐደለውም የቁልፍ ረድፍ ተመለሰ። መነሻ ዋጋውም ወደ 1199 ዶላር ወረደ። ያንን የስንዴ ቅንጣት ያህል ውፍረት በእጁ ለክቶ የሚለይ ሰው ያለ አይመስለንም፤ ከእኩለ ቀን በኋላ ባትሪው ማለቁን ግን ሁሉ ሰው ይለየዋል። መብራት አልፎ አልፎ በሚጠፋበት አገር ደግሞ የባትሪው ነገር ከሁሉ ይቀድማል፤ የፖስታ ውስጥ ትርኢት ግን ለዚህ ምንም አይረዳም።

በመታጠፉም ቢሆን ነቀፌታ የለበትም ማለታችን አይደለም። እንደ ሰሌዳ በእጅ ይያዛል ብለናል፤ ዳሩ ግን በ2013 የወጣው አይፓድ ኤር 469 ግራም ሲመዝን፥ ቀላል የተባለው ዮጋ 3 ፕሮ ከእርሱ እጥፍ በላይ ይከብዳል። ስለዚህ ቆሞ በአንድ እጅ ይዞ ማንበብ ክንድን ያደክማል፤ ጉልበት ላይ ወይም ጠረጴዛ ላይ ማሳረፍ ይሻላል። ጀርባ ለጀርባ ሲገጠምም ቁልፎቹ ከታች በጣት ስለሚዳሰሱ ለጀማሪው ያስፈራዋል፤ መኪናው ራሱ ቁልፎቹን ስለሚያቦዝናቸው ግን በስሕተት አይጻፍም። የዚሁ ኩባንያ ቲንክፓድ ዮጋ የተባለው፥ ክዳኑ ወደ ኋላ ሲዞር በቁልፎቹ መካከል ያለው ክፈፍ ወደ ላይ ተነሥቶ ቁልፎቹን እንዲደብቅ ተደርጎ በ2013 ተሠርቷል፤ ይህ በጣም ያማረ ብልሃት ነው። ገጹ እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቅ ስለ ሆነ በደጀ ሰላም ወይም በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ለሚያነብ ሰው ከጽሕፈቱ ይልቅ የራሱ መልክ ይታየዋል።

ለብራና አንባቢዎች በተለይ የምንነግራቸው አንድ ነገር አለ። የእነዚህ መኪናዎች ገጽ ስፋቱ 16 ቁመቱ 9 በሆነ ልክ የተቈረጠ ነው፤ ይህም ለሲኒማ የተመቸ ነው። እንዲህ ያለው ገጽ ቀጥ ብሎ ሲቆም እንደ ዘንግ ይረዝማል፤ በሁለት ወይም በሦስት ዓምድ የተጻፈውን የብራና ቅጠል ሲያሳይም ከላይና ከታች ባዶ ስፍራ ይተርፋል፤ ፊደሉም ያንሳል። በ2014 የወጣው የማይክሮሶፍት ሰርፌስ ፕሮ 3 ገጹ 3 በ2 የሆነ ነው፤ ከዚያም ወዲህ እንዲህ ያለ ልክ ወይም 16 በ10 የሆነ ገጽ ያላቸው ብዙ መኪናዎች ተሠርተዋል። ብራና ለማንበብ እነዚህ ይሻላሉ።

ለጸሐፊዎች ደግሞ የቁልፉ ነገር ያሳስባል። ፊደላችን በ1999 በዓለም የኮምፒዩተር ፊደል ሠንጠረዥ ውስጥ ስለ ገባ ዛሬ የትኛውም መኪና አማርኛ ይጽፋል። ነገር ግን በላቲን ቁልፍ በምንጽፍበት ጊዜ ለአብዛኛው ፊደል ሁለት ጊዜ መምታት አለብን፤ ስለዚህ የአማርኛ ጸሐፊ አንድ ገጽ ሲጽፍ ጣቱ የሚሠራው ሥራ ብዙ ነው። ቀጭን መኪና ቁልፉ የሚወርድበት ጥልቀት አጭር ስለ ሆነ ጣት በደረቅ ነገር ላይ የመታ ይመስለዋል። ቀኑን ሙሉ ቃለ ጉባኤ የሚጽፍ ሰው ከመግዛቱ በፊት ከሱቁ ቆሞ አንድ ገጽ ይጻፍበት፤ ባለ ሱቁ ቢሰለች ይሰልች።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የደብሩን መዝገብ ያጠፋው ነገር ነው። መኪና በቀጠነ ቍጥር የሚነቀልና የሚተከል ዕቃ ስፍራ ያጣል። መጀመሪያ ሜሞሪው ይበየዳል፤ ስለዚህ በኋላ ቢያንስ ሊጨመር አይችልም። በአንዳንዶቹም ጽሑፉ የሚቀመጥበት ክፍል ራሱ ይበየዳል፤ ያን ጊዜ የሰሌዳው መሞት የመዝገቡም መሞት ይሆናል። የጠቀስነው ዮጋ 3 ፕሮ ሜሞሪው የተበየደ ቢሆንም የጽሑፉ ማስቀመጫ ተነቃይ ስለ ሆነ በዚህ በኩል አይከሰስም፤ ነገር ግን ከውጭ አይቶ ይህን የሚለይ ገዢ የለምና መጠየቅ ያስፈልጋል። ባትሪውም እንዲሁ ከውስጥ ተቀብሮ ይኖራል። ባትሪ በመሞላትና በመጉደል ብዛት እየደከመ የሚሄድ ነገር ነው፤ ሲያረጅም አንዳንድ ጊዜ ያብጣል፤ በቀጭን ቤት ውስጥ የሚያብጥበት ስፍራ ስለሌለም ቁልፎቹን ወደ ላይ ይገፋቸዋል፤ እንዲህ የሆነ መኪና ሥራው ወዲያውኑ ሊቆም ይገባዋል፤ እሳት ያስነሣልና። የኤሮፓ ኅብረት በ2023 ባወጣው ሕግ፥ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ባትሪ ባለቤቱ በቀላሉ አውጥቶ ሊለውጠው የሚችል ሆኖ እንዲሠራ ከ2027 ጀምሮ የሚጸና ድንጋጌ ወስኗል። ሕጉ ለኤሮፓ ቢሆንም መኪና ሠሪዎች ለአንድ አገር አንድ፥ ለሌላው ሌላ አድርገው መሥራት ስለሚከብዳቸው፥ ጥቅሙ ወደ እኛም ይደርሳል ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

በአገራችን ብዙ ሰው የሚገዛው በሌላ አገር ያገለገለውን ስለ ሆነ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ያሻዋል። ያማረው ዮጋ 3 ፕሮ ዛሬ በርካሽ ቢገኝ፥ በውስጡ ያለው ዊንዶውስ 10 በ2025 በኦክቶበር መደበኛ ጥበቃው ቀርቷል፤ ፕሮሰሰሩም ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 ከተቀበላቸው ውስጥ አይደለም። እንዲህ ያለው ለንባብ ብቻ ቢሆን ይሁን፤ የመንግሥት ምስጢር ወይም የሕዝብ መዝገብ ሊጻፍበት ግን አይገባም። የግዢ ሹማምንትም ጨረታ ሲያወጡ የሚጽፉት ዝርዝር ውስጥ «ቀጭንና ቀላል» የሚለው ቃል በብዛት ይገባል፤ «ማስቀመጫው የሚነቀል፥ ባትሪው እዚሁ አገር ሊለወጥ የሚችል» የሚለው ቃል ግን ይረሳል። በአንድ ስፍራ ለጸሐፊዎች የተገዙ ቀጫጭን መኪናዎች ከጠረጴዛቸው ተነሥተው የማያውቁ መሆናቸውን በዓይናችን አይተናል። ቀላልነቱ ለማን ተገዛ? ክብደቱን የሚሸከመው ጠረጴዛው ነበር።

ለአስተዳዳሪውም ይህን ሁሉ ነገርናቸው። «እንግዲህ ወፍራሙን ልግዛ ማለትህ ነው?» አሉን። «አይደለም አባታችን፤ የሚታጠፈውን ይግዙ፤ ግን የቀጠነውን አይምረጡ» አልናቸው። እርሳቸውም ጸሐፊያቸውን ይዘው ወጥተው፥ ባለ ሱቁ ጀርባውን በዊንጭት ፈትቶ ማስቀመጫው እንደሚነቀል በዓይናቸው ካላሳያቸው አንገዛም ብለው፥ ሦስት ሱቅ ካለፉ በኋላ ውፍረቱ 16 ሚሊ ሜትር የሚያህል የሚታጠፍ ላፕቶፕ ገዙ። ጸሐፊውም ዘወትር ዓርብ መዝገቡን ወደ ሁለት ፍላሽ ይገለብጣል፤ አንዱ በደብሩ ዕቃ ቤት፥ ሁለተኛው በሌላ ስፍራ ይቀመጣል፤ በወሩም መጨረሻ በወረቀት አትሞ ያስፈርማል።

በቅርቡ ልንጠይቃቸው ሄደን ሳለ መኪናው በአትሮንሱ አጠገብ እንደ ድንኳን ቆሞ፥ በላዩም የአንድ የድጓ ብራና ፎቶግራፍ ተገልጦ አገኘነው። ምልክቱን በሁለት ጣታቸው እያሰፉ ለአንድ ደቀ መዝሙር ያሳዩት ነበር። ከጠፉት የጥምቀት ስሞች ምን ያህሉ እንደ ተገኙ ብንጠይቃቸው፥ አሥራ አንድ ሕፃናት ገና እንደ ቀሩ ነገሩን።